«ቅጫም ነው» ብለው ዘይት ለሚሸጡላችሁ፣ መጀመሪያ ቅማሉን አሳዩኝ በሏቸው

ወላጆች፣ በተለይ ትንንሽ ሴት ልጆች ያሏችሁ፣ ይህን ሳታነቡ ለ«ቅማል ማጥፊያ» ዘይት ብር እንዳትልኩ። ሰሞኑን በወላጆች የቴሌግራም ግሩፖች ውስጥ ገብቶ የሚዞር ንግድ አለ። የልጅሽን ፀጉር ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ትላለች ሻጯ። ፎቶው ከመድረሱ «ወይኔ የኔ እናት፣ ቅጫም ወሯታል እኮ!» የሚል መልስ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሂሳብ ቁጥር። ፀጉር ቤት ውስጥ የሚሠሩትም አሉ። ሹሩባ ልትሠራ ከተቀመጠች ልጅ ራስ ላይ ነጭ ነገር በጣታቸው ያነሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለእናትየዋ ያሳያሉ፤ ወዲያው ጠረግ። ያ ድምፅ ዝቅ ማድረግ የሽያጩ ግማሽ ነው። ልጅሽ ቅማላም ናት እየተባለች ዋጋ የምትከራከር እናት የለችም፤ ቶሎ ከፍላ መውጣት ነው የምትፈልገው።

እኔ የምሠራው ፋርማሲ ውስጥ ስለሆነ የማየው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው፤ ዘይቱ ልጁ ራስ ላይ ከፈሰሰ በኋላ የሚመጡትን።

አንዷ እናት ይዛ የመጣችው ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ነበር። የውሃው ወረቀት ተልጦ በምትኩ ፕላስተር ተለጥፎበታል፤ በፕላስተሩ ላይ በስክሪብቶ «ለቅማል፣ ለፎረፎር፣ ለሚነቃቀል ፀጉር» ተብሎ ተጽፏል። ክዳኑን ስከፍተው መጀመሪያ ነጭ ጋዝ ሸተተኝ፤ ከሥር ደግሞ በረሮ የምንገድልበትን የሚመስል ሽታ አለው። «ዶክተር፣ 1,800 ብር ነው የገዛሁት» አለችኝ። (ፋርማሲ ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እሱን ማረም ካቆምን ቆይተናል።) ልጅቷ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከጆሮዋ ጀርባና ማጅራቷ ላይ ቆዳዋ ቀልቶ እንደተቃጠለ ተልጧል። ሻጯ ዘይቱ ተቀብታ፣ ራሷ በፌስታል ተጠቅልሎ እንድታድር ነበር ያዘዘችው።

ወደ በሩ፣ ብርሃን ወዳለበት አወጣኋትና ፀጉሯን ከፈልኩት። ነጩ ነገር እውነትም ብዙ ነው። በጥፍሬ ነካ ሳደርገው ግን ብን ብሎ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሌላው ቦታም እንደዚያው። ጤና ጣቢያ ላክኋቸው፤ እዚያም ቅማል አልተገኘም። ሹሩባው ሲሠራ የተቀባው ጄል ከደረቀ የራስ ቅርፊት ጋር ተጋግሮ ነው። ሹሩባው ደግሞ ለበዓል ተብሎ ተሠርቶ ሳይፈታ የከረመ ነበር። ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ ሹሩባውን መፍታትና ራሷን ማጠብ ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱን ላሳያችሁ። የፎረፎር ቅርፊት ቅርጽ የለውም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ቅባት የነካው ቢጫ ነው። ፀጉሩም ላይ፣ የራስ ቆዳውም ላይ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ላይም ታገኙታላችሁ። እፍ ሲሉት ይነሳል። ቅጫም ግን የቅማል እንቁላል ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፤ ሞላላ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ በአንድ የፀጉር ዘለላ አንድ ጎን ላይ ዘንበል ብሎ የተለጠፈ። እናቲቱ ቅማል ከሰውነቷ በምታወጣው ሙጫ ስለምታጣብቀው ነካ ቢያደርጉት አይወድቅም፣ በውሃ አይለቅም። ለማስለቀቅ ዘለላዋን በሁለት ጥፍር ጨምቆ እስከ ጫፍ መጎተት ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ ነው።

ሦስተኛ ነገርም አለ፤ ሻጮቹ በጣም የሚወዱት እሱን ነው። ፀጉር ተወጥሮ ሲሠራ በአንዳንድ ልጆች ላይ ከሥሩ ነጭ ቱቦ የመሰለ ነገር ወጥቶ ፀጉሩን እንደ ቀለበት ዙሪያውን ይከበዋል። በጣት አይረግፍም፣ ስለዚህ ቅጫም ይመስላል። በሁለት ጣት ይዛችሁ ወደ ጫፍ ስትስቡት ግን ዘለላውን ይዞ ሽር ይላል። ቅጫም አይንሸራተትም። አሁን አስቡት፤ ይረግፋል ወይስ ተጣብቋል፣ ይንሸራተታል ወይስ አይንሸራተትም የሚለውን በስልክ ፎቶ ማን ሊያውቅ ይችላል? በፎቶ ብቻ «ቅጫም ነው» ብላ ዋጋ የምትነግራችሁ ሰው ፀጉሩን እያየች አይደለም።

ቅጫም ሆኖ ቢገኝ እንኳ ልጁ አሁን ቅማል አለበት ማለት ላይሆን ይችላል። ቅማል እንቁላሏን የምትጥለው ከራስ ቆዳው አጠገብ፣ ሙቀቱ ያለበት ቦታ ነው፤ እንቁላሉም በ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። ቀፎው ግን ተጣብቆ ከፀጉሩ ጋር እያደገ ይሄዳል። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ከራስ ቆዳው 2 ሳንቲ ሜትር ርቆ የምታዩት ነጭ ነገር ከሁለት ወር በፊት የተጣለ ባዶ ቀፎ ነው ማለት ይቻላል። ደግሞም በሕይወት ያለው እንቁላል ቡናማ ነገር ስለሆነ ጥቁር ፀጉር ላይ በቀላሉ አይታይም፤ ነጥቶ ዓይን ውስጥ የሚገባው ባዶው ነው። ሻጯ በጣቷ አንስታ የምታሳያችሁ እሱን ነው። አንዴ ዘይቱን ገዝታችሁ ከተጠቀማችሁ በኋላም ያው ባዶ ቀፎ ስለማይረግፍ «አልለቀቃትም፣ ሁለተኛ ዙር ያስፈልጋታል» ይባላል። የሁለተኛው ዙር ዋጋ፣ የወንድሟና የእናቷ ድርሻ እየተባለ ሂሳቡ የሚያድገው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ማረጋገጫው አንድ ነው፤ የሚሄድ ቅማል ማየት። ሰሊጥ የምታክል፣ 2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ብርሃን ስታይ የምትሸሽ ነገር ናት። አትዘልም፣ አትበርም፤ ራስ ለራስ ሲገጥም ተራምዳ ነው የምትተላለፈው። በደረቅ ፀጉር መፈለግ ስለሚያስቸግር ፀጉሩን አርጥባችሁ ኮንዲሽነር በደንብ ቀቡት፤ ቅማሏ መሮጥ ያቅታታል። ከዚያ ጥርሱ በጣም ጠባብ በሆነ ሚዶ ከራስ ቆዳው ጀምራችሁ እስከ ጫፍ እያበጠራችሁ፣ በየአንዳንዱ ማበጠር ሚዶውን ነጭ ሶፍት ላይ ጥረጉት። ካለች ሶፍቱ ላይ ታገኟታላችሁ። ከርዳዳ ፀጉር ላይ ይህ ሥራ ቀላል አይደለም፤ በትንሽ በትንሹ ከፍሎ፣ መጀመሪያ በሰፊ ማበጠሪያ ፈትቶ ነው የሚሆነው፤ ልጅቷም ታለቅሳለች። የድሮ ሴቶች በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ልጅ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ሲቀምሉ ይህንኑ ነበር የሚሠሩት፤ ኮንዲሽነሩ ብቻ ነው የጎደላቸው።

ማሳከክ ማስረጃ አይደለም። የቅማል ማሳከክ የሚመጣው ከምራቋ በሚነሳ አለርጂ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ልጅ ማከክ ሳይጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ፎረፎርም ያሳክካል፣ ያልታጠበ ሳሙናም ያሳክካል።

አሁን ይበልጥ ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ጉርምስና ያልደረሰ ልጅ ላይ እውነተኛ ፎረፎር ብዙም አይታይም፤ የራስ ቅባት በደንብ መመንጨት የሚጀምረው በጉርምስና ነውና። (የጨቅላዎች ራስ ላይ የሚጋገረው ቅርፊት ሌላ ነው፤ በራሱ ጊዜ ይለቃል።) ስለዚህ የትምህርት ቤት ልጅ ራሱ ሲቀረፈፍ፣ በተለይ ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ከተነቀለ፣ ወይም ፀጉሩ ከሥሩ ተሰብሮ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ብቻ ከቀረ፣ መጀመሪያ መታሰብ ያለበት ቆረቆር ነው። ቆረቆር ፈንገስ ነው። በማሽን፣ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም፣ ምክንያቱም ፈንገሱ የፀጉሩ ዘለላ ውስጥ ገብቷል። ሐኪም አይቶ የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ነው የሚያስፈልገው። ለምሳሌ ግሪሶፉልቪን ከታዘዘ ቢያንስ 6 ሳምንት ሳይቋረጥ ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢሆን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል።

አንድ ወንድ ልጅ ይኸው «ለሁሉም» የሚባለው ዘይት ሲቀባ ቆይቶ መጣ። አናቱ ላይ እንቁላል የምታክል እብጠት አለች፤ ስትነካ ልስልስ የምትል፣ መግል የቋጠረች። ቆረቆሩ ነው እንዲያ የሆነው። እንዲህ ካበጠ በኋላ ጠባሳ ሊጥልና ያ ቦታ ሁለተኛ ፀጉር ላያበቅል ይችላል። ዘይቱ ለቅማልም፣ ለፎረፎርም፣ ለሚነቃቀል ፀጉርም ነው ተብሎ የተሸጠ ነው። አንዱ ነፍሳት ነው፣ አንዱ ከእርሾ ዘር ጋር የተያያዘ የቆዳ መቆጣት ነው፣ አንዱ ፈንገስ ነው። ሦስቱንም በአንድ ጠርሙስ አድናለሁ የሚል ሰው ሲገጥማችሁ የጠርሙሱን ዋጋ እንኳ አትጠይቁ።

ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም፤ አደጋውም እሱ ነው። ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ እሳት ይስባል፤ ልጁ ቢውጠው ደግሞ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከባድ ችግር ያመጣል። ማላታዮንን የመሰሉ ለእርሻ የተሠሩ የተባይ መድኃኒቶች በራስ ቆዳ በኩል ወደ ደም ይገባሉ፤ የተላጠ ቆዳ ሲሆን ይብሳል። «የእርሻው ጠንከር ይላል፣ አንዴ ይጨርሰዋል» የሚል ምክር ከዘመድም ቢመጣ አትስሙ። ከተቀባ በኋላ ልጁ ያለ ወትሮው ካላበው፣ ለሃጩ ከበዛ፣ ካስመለሰው፣ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረው የነካውን ልብስ አውልቁ፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡትና ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። የሚያጥበውን ሰው እጅም መድኃኒቱ እንዳይነካው ጓንት ወይም ፌስታል ያጥልቅ።

«በተፈጥሮ ዕፅዋት የተዘጋጀ»፣ «አንዴ ተቀብቶ እንቁላሉን ጭምር የሚጨርስ»፣ «ቤቱንም አብረን እንረጭላችኋለን»፤ ሦስቱንም ሰምቻለሁ። የመጀመሪያው ምን ዕፅዋት እንደሆነ ሲጠየቅ ሚስጥር ነው ይባላል። ሁለተኛው፣ ፋብሪካ የሠራው ትክክለኛው መድኃኒት እንኳ እንቁላሉን ሁሉ በአንዴ ስለማይገድል ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይደገማል። ሦስተኛው ከንቱ ወጪ ነው፤ የራስ ቅማል ከሰው ራስ ከወረደች ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አትኖርም። ትራስ ልብሱን፣ ሻሹንና ኮፍያውን በሙቅ ውሃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ ብታሰጡ በቂ ነው።

እውነተኛ ቅማል ካገኛችሁ ምን ይደረግ? ሳይደነግጡ። የራስ ቅማል የንጹሕና የቆሻሻ ፀጉር አይመርጥም፤ ተስቦና ግርሻ የሚያስተላልፈውም የልብስ ቅማል እንጂ እሷ አይደለችም። 1 በመቶ ፐርሜትሪን ያለበት ሎሽን ፋርማሲ ካገኛችሁ፣ ያለ ኮንዲሽነር በታጠበና በፎጣ በደረቀ ፀጉር ላይ ተቀብቶ 10 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፤ ከ9 ቀን ገደማ በኋላ ይደገማል። 5 በመቶ የሚለው ክሬም ለእከክ የተሠራ ነው፤ አታምታቱት። ሎሽኑ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሆንም። መድኃኒት ካልፈለጋችሁ በኮንዲሽነር የነገርኳችሁን ማበጠር በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛውና በ13ኛው ቀን አድርጉት። ወጪው የሚዶና የኮንዲሽነር ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይታይ፣ የሚታከመው ግን የተገኘበት ብቻ ነው።

የምትገዙት መድኃኒት ላይ የመድኃኒቱ ስምና መጠን በመቶኛ፣ የአምራቹ ስም፣ የባች ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን መታተም አለበት። በስክሪብቶ የተጻፈ ፕላስተር መለያ አይደለም። ደረሰኝ አልሰጥም፣ ብሩን በግል ሂሳቤ ላኪ የምትል ሻጭ ነገ ቻናሏን ዘግታ በሌላ ስም ትከፍታለች።

የገዛችሁ ካላችሁ ጠርሙሱን አትድፉት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። የቴሌግራም ንግግሩን ሻጯ ሳታጠፋው ስክሪንሾት አንሱ፤ የከፈላችሁበትን የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክትም አትሰርዙ። ከዚያ በ8482 የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር ደውሉ፤ ነፃ መስመር ነው። ገንዘባችሁን በተመለከተ ደግሞ በክፍለ ከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ትችላላችሁ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን ጥቀሱ። ያቺ የ1,800 ብሯ እናት ሻጯን ብሬን መልሺ ብላ ስትጽፍላት «ከተከፈተ አይመለስም» ነው የተባለችው። ጠርሙሱ ግን ሲሸጥላትም እሽግ አልነበረም፤ አመልክታለች፣ እስካሁን መልስ እየጠበቀች ነው።