በግምት የመጣ ቢልና የብሪታንያው ኢነርጂ ኦምቡድስማን

ብሪታንያ ለምትኖሩ ይጠቅማልና ልጻፈው። ጋዝና መብራት የሚያቀርብልኝ ድርጅት ቆጣሪውን ሳያነብ በግምት ብቻ የተጋነነ ቢል ላከብኝ። ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ቢሉ ላይ ከተጻፈው በጣም ያንሳል። ደወልኩ፣ ኢሜይል ጻፍኩ፣ "እናየዋለን" ከማለት ያለፈ መልስ ጠፋ።

ጉዳዩን ወደ ኢነርጂ ኦምቡድስማን ወሰድኩት፤ ይህ በደንበኞችና በጋዝና መብራት አቅራቢዎች መካከል ያለን ክርክር የሚያይ ገለልተኛ ተቋም ነው። ለደንበኛ በነጻ ነው፣ ጠበቃም አያስፈልግም። መጀመሪያ ግን ለድርጅቱ ለራሱ አቤቱታ ማቅረብ ግድ ነው፤ ለድርጅቱ የተሰጠው ጊዜ ካለፈ ወይም ድርጅቱ "ከዚህ በላይ የምናደርገው የለም" የሚል ደብዳቤ ከጻፈላችሁ ያኔ ኦምቡድስማኑ ይቀበላችኋል።

እኔን ያዳነኝ ማስረጃ ነው። የቆጣሪው ንባብና መለያ ቁጥሩ አንድ ላይ የሚታዩበት፣ ቀኑ ያለበት ፎቶ። ቢሉ ላይ ደግሞ ከንባቡ አጠገብ "ግምት" መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ አለ፣ እሱን አክብቤ ላክሁ። ድርጅቱ በትክክለኛው ንባብ አዲስ ቢል እንዲያወጣና ይቅርታ እንዲጠይቅ ተወሰነ። እኛ ውሳኔውን ከተቀበልን ድርጅቱ የመፈጸም ግዴታ አለበት፤ ካልተስማማን ፍርድ ቤት መሄድ እንችላለን።

ቅር ያለኝ መጠበቁ ነው፣ በጣም ያሰለቻል። የሚጽፉትም ቋንቋ ከባድ ነው፣ እንግሊዝኛ የማይቀናቸው እናቶቻችን እንዴት ይወጡታል?

ይህንንም እወቁ፦ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ጥፋቱ የደንበኛው ካልሆነ፣ ከ12 ወር በፊት ለተጠቀማችሁትና ቀድሞ ላልተጠየቃችሁበት ፍጆታ ወደ ኋላ ተመልሰው ሊያስከፍሏችሁ አይችሉም። ብዙ ሰው ሳያውቅ ይከፍላል፣ በጣም ያናድደኛል።