ሿሿ ለተሠራችሁ ሁሉ፦ «ክፈሉና ስልካችሁን ልመልስ» ለሚላችሁ ብር እንዳትልኩ

ሿሿ በሚባለው የታክሲ ውስጥ ስርቆት ስልካችሁ ተወስዶ ወደ ራሳችሁ ቁጥር ስትደውሉ አንድ ሰው ያነሳና «ዕቃው እኔ ጋ ነው፤ ፖሊስ ጋ ካልሄዳችሁ በትንሽ ብር እመልሳለሁ» ሊላችሁ ይችላል። እባካችሁ አንድ ብር እንዳትልኩለት። ሰሞኑን ጎረቤታችን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። መጀመሪያ ብር ተጠየቀች፣ ላከች። ቀጥሎ «የአንቺ መሆኑን ላረጋግጥ» ተብላ የመክፈቻ ቁጥሩን ሰጠች። ስልኩ አልመጣም፤ ቴሌብር ላይ የነበራት ገንዘብም ወጣ።

ሿሿ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ሹፌሩ፣ ረዳቱና ተሳፋሪ መስለው የተቀመጡት አንድ ላይ ናቸው። ሰልፉ ሲረዝም ከሰልፉ ራቅ ብለው ይጠሯችኋል። መሃል ያስቀምጧችሁና «በሩ አልዘጋ አለ»፣ «ጠጋ በሉ» እያሉ ያዋክቧችኋል። ትንሽ እንደሄዳችሁ ደግሞ ሰበብ ፈጥረው ያወርዷችኋል። ኪሳችሁን የምትዳስሱት መኪናው ከተሰወረ በኋላ ነው።

የድርድሩ ክፋት ያለው «ፖሊስ ጋ ካልሄዳችሁ» የሚለው ላይ ነው። ጥቆማ ያልደረሰበት መኪና ነገም መገናኛ ወይም ሜክሲኮ ቆሞ ሰው ይጭናል፤ እናንተ የከፈላችሁት ለዚያ ነው። ስልኩን ያነሳው ሰው «እኔ ሌባ አይደለሁም፣ ከሰው ገዝቼው ነው» ቢልም አትዘኑለት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛን፣ የደበቀን፣ ያሻሻጠን ሰው ይቀጣል። ያለ ደረሰኝ በርካሽ ስልክ የምትገዙም ይህንን አስቡበት።

ስልኩ እንደተወሰደ መጀመሪያ በሰው ስልክ 994 ደውላችሁ ሲም ካርዱን አዘጉ። ቴሌብር ካላችሁ 127፣ የንግድ ባንክ ሂሳብ ካላችሁ 951 ደውሉ። ይህ ከሁሉም ይቀድማል፤ ሌቦቹ የሚሮጡት ወደ ገንዘቡ ነውና። ከዚያ 991 ደውሉ ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ። በቃል የተናገራችሁት በጽሁፍ ሲሰፍር አንብበው እንዲያሰሟችሁ ጠይቁና ፈርሙ። የመኪናውን ሰሌዳ፣ ታፔላውን፣ የተሳፈራችሁበትንና የወረዳችሁበትን ቦታና ሰዓት ንገሩ። ሰሌዳውን ግማሹን ብቻ ብታስታውሱም ተናገሩ፤ የሌላ ሰው ጥቆማ ሊሞላው ይችላል። የስልኩን መለያ ቁጥርም (IMEI) ንገሩ፤ ካርቶኑ ላይ አለ። ስልኩ ገና እጃችሁ ላይ ያለ ሰዎች ደግሞ ዛሬውኑ *#06# ደውሉና የሚመጣውን ባለ 15 አሃዝ መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉት።

ተጎጂው ብቻውን ይህንን ሁሉ መሸከሙ ግን ያናድደኛል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 ወንጀል እያወቀ ዝም ያለን ሰው የሚቀጣው በዋናነት ወንጀሉ ሞት ወይም የዕድሜ ልክ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ ሲሆን ነው። የታክሲ ስርቆት እዚያ ውስጥ አይገባም። ሚኒባሱን በቀን ገቢ ለሹፌር የሰጠ ባለንብረትም «እኔ የማውቀው ገቢዬን ነው» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። መኪናው ለስርቆት መዋሉን ያወቀ ባለንብረትና ተራ አስከባሪ ለፖሊስ የማሳወቅ ግዴታ በሕግ ሊጣልበት ይገባል፤ የጠቆመ ሰውም ተራው ላይ እንዳይጠቃ ስሙ መጠበቅ አለበት። በየወረዳው ስብሰባ ሲጠራ ይህንን አንሱ፤ እኔም አነሳለሁ።