ትንፋሽ የምታስቆጥረው ጥንቸል፦ ከአንድ ወር በኋላ

የአምስት ዓመት ልጄ ጨለማ ትፈራለች። ትፈራ ነበር ልበል። አጎበሯን አስተካክዬ መብራት ሳጠፋ «እማዬ፣ ጅቡ መጣ» ትለኛለች። ጅቡን ያስገቡብን አማቴ ናቸው። «አርፈሽ ተኚ፣ አያ ጅቦ ይሰማሻል» ብለው ሊያስተኟት ሲሞክሩ እኔን ሦስት ወር እንቅልፍ ነሱኝ። እሳቸውም በዚሁ ነው ያደጉት፣ ምን ያድርጉ!

አንድ ቀን ሀዋሳ ፒያሳ ክር ልገዛ ወጥቼ ይቺን ጥንቸል አየኋት። ለስላሳ ጎማ ነገር ናት፣ ቻርጅ የምትደረግ የራስጌ መብራት። 850 ብር። ባለሱቁ «ትንፋሽ ታስተምራለች» ሲለኝ ሳቅኩበት። ጀርባዋን ሁለቴ ሲነኳት ብርሃኗ ቀስ እያለ ይደምቃል፣ ቀስ እያለ ይደበዝዛል። ሲደምቅ አየር መሳብ፣ ሲደበዝዝ ማስወጣት። ሰዓት ይዤ ቆጥሬዋለሁ፤ 4 ሰከንድ መሳብ፣ 6 ሰከንድ ማስወጣት ነው።

ጎረቤቴ ነርስ ናት። ስነግራት አልሳቀችም። ማስወጣቱ ከመሳቡ ሲረዝም የልብ ምት ይዘገያል፣ ሰውነትም ይረጋጋል አለችኝ። ማይንድፉልነስ የሚሉት ነገር አካል ነው፤ ሐሳብ ሲበር አሁን ወዳለው ነገር መመለስ። ጆን ካባት ዚን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሕመም አልለቅ ያላቸውን ሰዎች ሲያስተምርበት ነው ወደ ሕክምናው የገባው። «አንቺ ጥሞና በይው» አለችኝ። አልኩት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምሽቶች ከሸፉ። ልጅቷ ጥንቸሏን አቅፋ ጨዋታ ያዘች። ጥፋቱ የኔም ነበር፣ ነጩን ብርሃን አብርቼ። ነጭ ብርሃን እንቅልፍ ያባርራል። ቤታችን ደግሞ ከሐይቁ ብዙ አይርቅም፤ የሰፈሩ ትንኝ ሁሉ አጎበሩ ላይ ተሰበሰበ። በአራተኛው ቀን ወደ ብርቱካናማው ቀየርኩትና ጥንቸሏን ሆዷ ላይ አስቀመጥኩላት። ሆዷ ሲነፋ ጥንቸሏ ከፍ፣ ሲጎድል ዝቅ። «ተኝታለች፣ እንዳትጥያት» ስላት ጸጥ ብላ ትተነፍሳለች። ይሄ መመሪያው ላይ ይኑር አይኑር እንጃ፣ ወረቀቱ በሙሉ ቻይንኛ ነው።

ከዚያ ድምፅ መቁጠር ጀመርን። ዓይን ጨፍኖ የሚሰማውን በስሙ መጥራት። እንቁራሪት። ባጃጅ። የጎረቤት ውሻ። የምሽቱ አዛን። ከዚያ ኳ!

«ጅቡ!»

ጅቡ ቆርቆሯችን ነበር። ቀን ፀሐይ ሲያግለው ይውልና ማታ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ይጮሃል። «ጣሪያው በርዶት ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «ብርድ ልብስ እናልብሰው?»

በር ላይ የሰቀልኩት ጋቢም ሰው ይመስላት ነበር። ዓይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እስከዚያ ድረስ የተሰቀለ ሁሉ ሰው ነው። ጋቢውን አወረድኩት። ለዚህኛው ጥሞና አላስፈለገም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የቻርጅ ገመዷ አንድ ክንድ አትሞላም። ካርቶኑ 12 ሰዓት ትቆያለች ይላል፣ እኔ ቤት ከ7 አልፋ አታውቅም። በሁለተኛው ሳምንት መሰኪያዋ ላላ። ስመልሳት ባለሱቁ «ዋስትናው ለአንድ ሳምንት ነው» አለኝ። ሲሸጥልኝ ስለ ሳምንት ትንፍሽ አላለም! ትንፋሽ ታስተምራለች ያለኝ እሱው ነው። መናኸሪያ አካባቢ ሞባይል የሚጠግን ልጅ በ100 ብር በየደልኝ።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ሄደ። ጥንቸሏም ቻርጅ አልነበራትም። ቤቱ ድቅድቅ አለ። ሻማ ፍለጋ ስደናበር ከአጎበሩ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ፤ «እማዬ፣ እጅሽን ሆድሽ ላይ አድርጊ።»

850 ብር ታወጣለች ወይ ብትሉኝ፣ እንደ ዕቃ አታወጣም። የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ሞክሯት፣ ዋስትናውንም አስጽፉ። ብርቱካናማ ብርሃን ከሌላት ተዉአት። ልጄ አሁን አትጠይቃትም። ጥንቸሏ ኩሽና ናት፣ መብራት ሲሄድ ሽንኩርት እከትፍባታለሁ።