የተጣበቀ የብስክሌት መቀመጫ ዘንግ፦ ገንዘባችሁን ለሚረጭ ዘይት ወይስ ለሞርሳ?

ብስክሌት የሚነዱ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ «የመቀመጫው ዘንግ ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልወጣ አለኝ፤ የትኛውን ዘይት ብገዛ ይሻላል?» የሚል። ዘይት በቅርብ ስለሚገኝና ዋጋው ቀላል ስለሚመስል ሁሉም ከእሱ ይጀምራል። የመጀመሪያው ጣሳ ካልሠራ ሁለተኛው፣ ከዚያም ስሙ የገነነው ውዱ ጣሳ ይገዛል፤ ይህ ሁሉ ወጪ ሲደመር ሥራውን በእርግጥ ለሚጨርሰው መሣሪያ ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አቋሜን በቅድሚያ ልግለጽ፤ ፍሬማችሁ ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ከሆነ አንድ ትንሽ ጣሳ ዘይት ይበቃችኋል፤ የቀረውን ገንዘብ በከባድና በጠንካራ ሞርሳ ላይ፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ታስሮ ዕቃን በሁለት መንጋጋ ነክሶ በሚይዘው መሣሪያ ላይ አውሉት።

ምክንያቱ ያለው መጣበቁን በሚያመጣው ነገር ላይ ነው። የአሉሚኒየም ዘንግ በብረት ፍሬም ውስጥ ገብቶ የዝናብ ውኃ ወይም ጨው ያለበት ላብ ሲደርሰው፣ በሁለቱ ብረታ ብረቶች መካከል በሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ግንኙነት የተነሳ አሉሚኒየሙ ይበላል። ከዚህ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ከተበላው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ በዘንጉና በቱቦው መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ሁለቱን አንድ ላይ ይቆልፋቸዋል። ዘይት በዚህ በተጠቀጠቀ ዱቄት ውስጥ ብዙ ሴንቲ ሜትር ዘልቆ መሄድ ይጠበቅበታል፤ ዱቄቱን ማሟሟት ግን አይችልም።

በዘይቶች መካከል የዋጋ ልዩነት ቢኖርም በዚህ ሥራ ላይ ያለው የውጤት ልዩነት ዋጋውን ያህል ሆኖ አላገኘሁትም። በስፋት የሚታወቀው ደብሊውዲ 40 ስሙ ራሱ እንደሚያመለክተው («ደብሊውዲ» በእንግሊዝኛ «ውኃ ማስወገድ» ለሚለው ምህጻር ነው) በ1953 እ.ኤ.አ. የተቀመረው ውኃን ከብረት ላይ ለማስወገድ ነው፤ ለተቆለፈ ብረት ተብለው የሚሸጡት ሰርጎ ገብ ዘይቶች ከእሱ ይሻላሉ። አሴቶንን ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጋር እኩል በእኩል መቀላቀልም ርካሽ አማራጭ ነው፤ ሆኖም ድብልቁ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፣ ቀለምም ይልጣል። ለአሉሚኒየም ዱቄት አሞኒያን የሚመክሩም አሉ፤ የምትሞክሩት ከሆነ ከበረኪና ጋር በፍጹም እንዳይገናኝ ተጠንቀቁ፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዛማ ጋዝ ያመነጫሉ። በዚህ ገበያ ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ አስመስሎ የተሠራው ጣሳ ነው። ቀለሙና ጽሑፉ ከዋናው ጋር አንድ ሆኖ ሲረጭ ከነጭ ጋዝ በቀር ሌላ ሽታ የሌለው፣ ሲደርቅም ምንም ቅባት የማይተው ፈሳሽ በዋናው ዋጋ ተሸጦልኛል። የትኛውንም ብትገዙ የማጥበቂያውን ቀለበት አውልቃችሁ ከላይ አፍስሱ፤ ከተቻለም የፔዳሎቹ ክንዶች የሚዞሩበትን፣ በፍሬሙ ታች ያለውን ዘንግ አስፈትታችሁ፣ ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ከውስጥ በኩል ጨምሩና ለጥቂት ቀናት ተዉት።

ዋናው ውድድር በጂራቱቢ፣ ማለትም በጥርሳሙ የቧንቧ መፍቻና በሞርሳ መካከል ነው። ጂራቱቢ ርካሽ ነው፤ በየቤቱም አይጠፋም፤ ነገር ግን ጥርሶቹ ዘንጉን በሁለት ጠባብ ቦታ ብቻ ስለሚነክሱ ቀጭኑን የአሉሚኒየም ቱቦ ይጨፈልቁታል። የተጨፈለቀ ቱቦ ደግሞ ሞላላ ሆኖ በሌላኛው አቅጣጫ ስለሚሰፋ ከመውጣት ይልቅ ይበልጥ ይጣበቃል። በዚህ መሣሪያ መሥራት ግድ ከሆነባችሁ በዘንጉ ውስጥ ልክክ የሚል ጠንካራ እንጨት ወይም የብረት በትር ሳታስገቡ አትጀምሩ።

ሞርሳ የሚበልጠው የኃይሉን አቅጣጫ በመለወጡ ነው። ዘንጉ በሞርሳው ተነክሶ ይቆማል፤ የሚዞረው ፍሬሙ ነው፤ ስለዚህ ረጅሙ ፍሬም ራሱ ማንሻ ይሆናል። ኮርቻውንና ጎማዎቹን አውልቃችሁ ብስክሌቱን ገልብጡትና የዘንጉን ራስ በመንጋጋዎቹ መካከል አጥብቃችሁ ያዙ፤ ከዚያም ሁለት ሰዎች ከግራና ከቀኝ ፍሬሙን በዝግታ ወዲያና ወዲህ ይግፉት። የሚገፋው ወፍራሞቹን ቱቦዎች ይዞ መሆን አለበት፤ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይጣመማሉ። የተቆለፈው ዘንግ ሲላቀቅ ጠንከር ያለ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብዙዎች የተሰበረ መስሏቸው ሥራውን የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው። ድምፁን እንደሰማችሁ ዘይት ጨምሩና በጥቂት ዲግሪ እያመላለሳችሁ አዙሩ፤ ነጩ ዱቄት ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ግራጫ ጭቃ ሆኖ በቱቦው አፍ ዙሪያ መውጣት ሲጀምር ዘንጉ ከፍ ማለት ይጀምራል።

ሞርሳ ስትገዙ ግን ዋጋውን ብቻ አትዩ። አንድ ርካሽ አዲስ ሞርሳ በዚሁ ሥራ ላይ ሳለ መንጋጋው ተገንጥሎ ወድቋል፤ በተሰበረው ገጽ ላይ በወፍራሙ ቀለም የተሸፈኑ የአየር ቀዳዳዎች ይታዩ ነበር። በዚያው ዋጋ ከሚገኝ ቀላል አዲስ ሞርሳ ይልቅ ከባድ አሮጌ ሞርሳ እመርጣለሁ፤ መንጋጋዎቹ ሲዘጉ ትይዩ መሆናቸውን፣ የሚዞረው ብሎን ብዙ አለመላላቱን፣ በብየዳ የተጠገነ ስብራትም አለመኖሩን ካያችሁ ብዙ ዘመን ያገለግላችኋል። የመንጋጋው ስፋት ከ100 ሚሊ ሜትር ባያንስ፣ 125 ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ በወፍራም ጠረጴዛ ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ለአንድ ቀን ሥራ መግዛት ከበዛባችሁ ሞርሳ ላለው የብረታ ብረት ባለሙያ ለጥቂት ደቂቃ ሥራ መክፈል ከሁሉም ይረክሳል።

ሙቀትን በተመለከተ አጭር ሂሳብ ይበቃል። አሉሚኒየም በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሚሊዮን 23 እጅ ያህል ሲለጠጥ ብረት ወደ 12 ብቻ ይለጠጣል፤ ስለዚህ በብረት ፍሬም ውስጥ ያለን የአሉሚኒየም ዘንግ አንድ ላይ ማሞቅ ይበልጥ ያጠብቀዋል። የሚረዳው ዘንጉን ማቀዝቀዝ ነው። 27.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ዘንግ በ50 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ከሚሊ ሜትር ሦስት መቶኛ ያህል ብቻ ይቀንሳል። ይህ በቂ የሚሆነው ሞርሳው አብሮት ሲሠራ ነው፤ ብረትን ለማቀዝቀዝ ለሚረጭ ጣሳ ብቻ መክፈልን አልመክርም።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ምርጫው በብረት መጋዝና በኮስቲክ ሶዳ መካከል ይሆናል፤ እኔ መጋዙን እመርጣለሁ። ዘንጉ ከላይ ከተቆረጠ በኋላ በመጋዙ ምላጭ ከውስጥ በኩል ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ይቆረጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ቁራጭ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የቀረው ይላላል። ሥራው አድካሚ ነው፤ ፍሬሙን ላለመንካትም በየጊዜው በባትሪ እያበሩ ማየት ይጠይቃል። ጥርሱ ወዲያው የሚረግፍ ርካሽ ምላጭ እየደጋገሙ ከመግዛት ጥሩ ምላጭ አንድ ጊዜ መግዛት ያዋጣል። ኮስቲክ ሶዳ በዋጋ ርካሹ ሲሆን አሉሚኒየሙን በእርግጥ ያሟሟዋል፤ ይሁን እንጂ የሚፈነዳ የሃይድሮጅን ጋዝና ኃይለኛ ሙቀት ያመነጫል፣ ቀለም ይልጣል፣ ዓይንም ያጠፋል፤ የአሉሚኒየም ፍሬም ውስጥ ከገባ ደግሞ ፍሬሙንም ይበላዋል። ፍሬሙ ወይም ዘንጉ ካርቦን ፋይበር ከሆነ እሳትም ኮስቲክም አይቅረቡት፤ በሞርሳ መጠምዘዝም ሊሰነጥቀው ስለሚችል ለባለሙያ መክፈል የግድ ነው። በማንሻ ከፍና ዝቅ የሚል ውድ ዘንግም ሞርሳ ከመግባቱ በፊት ባለሙያ ይየው።

ዘንጉ ከወጣ በኋላ ምትክ ስትገዙ በአሮጌው ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ፤ በ27.2 ምትክ «ያው ነው» ተብሎ 27.0 ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ ማጥበቂያው ከመጠን በላይ ስለሚጠብቅ የፍሬሙን አፍ ይሰነጥቀዋል። የቱቦውን ውስጥ በጨርቅ ጠርጋችሁ የብረትና የአሉሚኒየም ዘንግን ግራሶ ቀቡት፤ ለካርቦን ግን ለእሱ ተብሎ የተዘጋጀውን ሸካራ ቅባት ግዙ። በየጥቂት ወሩ ዘንጉን አውጥታችሁ ጠርጋችሁ እንደገና ቀቡት።