«ተሞክሯል፣ ይሠራል» የሚባል አሮጌ ከለር ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት

እኔ ተሸውጃለሁ። ሌላ ሰው እንዳይሸወድ ብዬ ነው የምጽፈው።

ዕቃው ቲአርኤስ-80 ከለር ኮምፒውተር ይባላል። ወዳጆቹ በአጭሩ «ኮኮ» ይሉታል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980 በአሜሪካ በሬዲዮ ሻክ ሱቆች በ399 ዶላር መሸጥ የጀመረ ግራጫ ሳጥን ነው። የራሱ ስክሪን የለውም፤ ከቤት ቴሌቪዥን ጋር ይገናኛል። ኪቦርዱ ሳጥኑ ላይ ነው፤ ቁልፎቹ ተራርቀው የተደረደሩ ማስቲካዎች ይመስላሉ። በቀኝ ጎኑ የጨዋታ ካርትሪጅ የሚገባበት ቀዳዳ አለው። እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር ሳይ ልቤ ይሸነፋል፤ ጥፋቱ የጀመረውም ከዚያ ነው።

ማስታወቂያው እንዲህ ይላል፦ «64 ኬ፣ ተሞክሯል፣ ይሠራል፣ ከ12 የፕሮግራም ካሴትና ከሁለት ጆይስቲክ ጋር።» 64 ኬ ማለት 64 ኪሎባይት ሚሞሪ ነው። ዋጋው ከነመላኪያው 185 ዶላር። ፎቶዎቹ አራት ናቸው፤ አራቱም ከላይ የተነሱ። ሳጥኑ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። በርቶ የሚያሳይ ፎቶ ግን አንድም የለም። ያኔ መንቃት ነበረብኝ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ አልጋ ውስጥ ሆኜ፣ በስልኬ ከፈልኩ።

ዕቃው በሳምንቱ ደረሰ። ቤዝመንት ያለውን ወፍራሙን ቴሌቪዥን አቧራውን አራግፌ አገናኘሁት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ኮኮም ሆነ ሁለተኛው ለሞኒተር የሚሆን መውጫ የላቸውም። ምስሉን የሚልኩት እንደ ቴሌቪዥን ጣቢያ በቻናል 3 ወይም 4 ነው። ስለዚህ «ከማንኛውም ሞኒተር ጋር ይሠራል» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ እለፉት። ከዕቃው ጋር የሚመጣውን ባለ ሁለት ብሎን የአንቴና ሳጥንም ተዉት። ከጀርባው መሰኪያ ወደ አንቴና ገመድ የሚቀይር ትንሽ ብረት በጥቂት ዶላር ይገኛል፤ ምስሉም ይጠራል።

አበራሁት። አረንጓዴ ስክሪን መጣ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ ከስሩ ቀለሙን እየቀያየረ የሚያብለጨልጭ ትንሽ ካሬ። ደስ አለኝ። ልጄም አጠገቤ ቁጭ አለ። የጽሑፉን መጀመሪያ ሳነብ ግን ፊቴ ተቀየረ። «ከለር ቤዚክ» ነው የሚለው፤ ቤዚክ ማሽኑን የምናዝበት የፕሮግራም ቋንቋ ነው። «ኤክስቴንድድ» የሚለው ቃል ከፊቱ የለም።

ልዩነቱ ይሄ ነው። ከማይክሮሶፍት የመጣው ተራው ቤዚክ በ8 ኪሎባይት ቺፕ የተቀመጠ ሲሆን፣ ስክሪኑ ላይ ትልልቅ ባለቀለም ካሬዎች ከመደርደር ያለፈ ሥዕል አይችልም። ክብ መሣል፣ መስመር ማስመር፣ ቀለም መሙላት፣ ዜማ መጻፍ የሚቻለው ኤክስቴንድድ የሚባለው ሁለተኛ ቺፕ ሲጨመር ነው። ልጄ «ክብ ሣልልኝ» አለኝ። «ሰርክል» ብዬ ከነቁጥሮቹ ጻፍኩለት። የስህተት መልእክት መለሰልኝ። አላውቀውም ማለቱ ነው።

ከዚያ ዋናው ጥያቄ መጣ። «ፕሪንት ሜም» ብዬ ጽፌ ኢንተር ተጫንኩ። ማሽኑ ለፕሮግራም ስንት ባይት ነፃ ሚሞሪ እንዳለው ይነግራችኋል። የእኔው 2343 አለ።

2343 ማለት ባለ 4 ኪሎባይት ማሽን ነው። ከዚህ ቤት ያነሰ የለም። 64 ተብሎ የተሸጠልኝ 4 ሆኖ ተገኘ።

እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ። ባለ 16 ኪሎባይት ሆኖ ኤክስቴንድድ ከሌለው 14631 ይላል። ባለ 16 ከነኤክስቴንድዱ 8487 ነው፤ ያነሰው ከፊሉን ሚሞሪ ለሥዕል ስለሚይዘው ነው። ባለ 32 ከነኤክስቴንድዱ 24871። የሚገርመው ባለ 64ም እዚያው 24871 ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ቤዚክ ከ32 በላይ ያለውን አይቆጥርም። ስለዚህ 24871 አይታችሁ 64 ነው ብላችሁ እንዳትጨርሱ። ለዚያ ሻጩ ሳጥኑን ከፍቶ ቺፖቹን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ከፍቶ የማያውቅ ሰው 64 መሆኑን ከየት አመጣው?

ካሴቶቹስ? እነሱ ናቸው ሳቅ ያመጡብኝ። 12ቱም የቲአርኤስ-80 ናቸው፣ ሻጩ አልዋሸም። ግን የሞዴል 1 እና የሞዴል 3 ካሴቶች ናቸው። ስሙ አንድ ሆኖ ማሽኑ ሌላ ነው። እነዚያ ውስጣቸው ዜድ80 የሚባል ቺፕ አለ፤ ኮኮ ግን የሚሠራው በሞቶሮላ 6809 ነው። ስሙ ላይ ያለው 80 ከዜድ80 የመጣ ነው፤ ኮኮ ውስጥ ዜድ80 የሚባል ነገር ባይኖርም ስሙን ሰጡት። ለመሸጥ ጥሩ ነበር መሰለኝ፤ ለእኔ ግን 12 ቁራጭ ፕላስቲክ ሆነብኝ። ስለዚህ የካሴቱ ልባስ ላይ «ከለር ኮምፒውተር» የሚል መኖሩን በፎቶ አረጋግጡ።

ጆይስቲኮቹ እንኳን ሠርተዋል። ለቀቅ ስታደርጓቸው ወደ መሐል አይመለሱም፤ ያ ብልሽት አይደለም፣ ሲሠሩም እንዲሁ ናቸው።

ለሻጩ ጻፍኩለት። «ይሠራል ብዬ ነው የሸጥኩት፤ አልሠራም?» አለኝ። ስለ 64ቱ ስጠይቀው «የሰጠኝ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ» አለ። መመለስ አይቻልም የሚለውን መስመር ማስታወቂያው ግርጌ ላይ ጽፎት ነበር፤ እኔ አላነበብኩትም። ባለቤቴ እንግዲህ ምን እንዳለችኝ አልጽፍም።

ማሽኑን ራሱን አልወቅስም። 6809 በዘመኑ ከነበሩት ቺፖች ምርጡ ነው ከሚሉት ወገን ነኝ። ፍጥነቱ አንድ ሜጋኸርዝ እንኳ አይሞላም፣ ስክሪኑ በአንድ መስመር 32 ፊደል ብቻ ይይዛል፣ ትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላትንም አያውቅም፤ ጀርባቸውን በማጥቆር ነው የሚለያቸው። ቢሆንም ለመማር ደስ ይላል። ችግሩ 4ቱን በ64 ዋጋ መግዛት ነው።

በዚያው ብር የተሻለ አለ። በ1983 የወጣው ኮኮ 2 ነጭ፣ አነስ ያለና የተሻለ ኪቦርድ ያለው ነው። አቅም ካላችሁ የ1986ቱን ኮኮ 3 ፈልጉ፤ ሲወጣ ጀምሮ 128 ኪሎባይት አለው፣ በቢጫው የቪዲዮ ገመድም ይገናኛል። አርጂቢ የሚባለውን ሌላ የምስል መውጫውን ግን ከተራ የኮምፒውተር ሞኒተር ጋር ይገጥማል ብላችሁ እንዳትገዙ፤ ሞገዱ አይስማማም።

ወደ አገር ቤት ልውሰደው ለምትሉም አንድ ቃል። የአሜሪካው ኮኮ ትራንስፎርመሩ ሆዱ ውስጥ ነው፤ የተሠራውም ለ120 ቮልት ነው። አዲስ አበባ ወስዳችሁ በቀጥታ 220 ላይ ብትሰኩት በደቂቃ ውስጥ ሽታውን ታውቁታላችሁ። ቀለሙም የአሜሪካ ዓይነት ስለሆነ ፓል የሚባለውን ሌላ የቀለም ሥርዓት ብቻ የሚቀበል ቴሌቪዥን ላይ አይገጥምም። ካርትሪጁንም ማሽኑ በርቶ ሳለ አትንቀሉ፣ አትሰኩ። ቺፑን የሚገድል ልማድ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን አንድ ፎቶ ብቻ ጠይቁት፤ በርቶ፣ «ፕሪንት ሜም» ተጽፎበት፣ ቁጥሩ ከነመጀመሪያው ጽሑፍ እየታየ። አሥር ሰከንድ አይፈጅበትም። ቴሌቪዥን የለኝም፣ ገመድ ጠፍቶብኛል ካለ ደግሞ «ተሞክሯል» ያለው በምን እንደሆነ ጠይቁት።

ሰውዬው ሰሞኑን ሌላ ግራጫ ሳጥን ለሽያጭ አውጥቷል። 64 ኬ ይላል። ፎቶዎቹ አሁንም አራት ናቸው፤ አራቱም ከላይ።