ህንዳዊ ፓስፖርት፣ የ251 ስልክ፦ ኬረላ ደርሼ የመጣሁበት ግምገማ

ስለራሴ በአጭሩ። እናትና አባቴ ከደቡብ ህንድ፣ ከኬረላ፣ የመጡ አስተማሪዎች ናቸው። ዕድሜው ገፋ ያለ አበሻ ሁሉ ማለት ይቻላል ሒሳብ ወይ ፊዚክስ ያስተማረው አንድ ህንዳዊ ያስታውሳል፤ ከነዚያ አስተማሪዎች ብዙዎቹ ኬረላዎች ነበሩ። እኔ የተወለድኩትም ያደግኩትም እዚሁ ነው። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፋይናንስ ላይ እሠራለሁ። ፓስፖርቴ ግን ህንዳዊ ነው። ወላጆቼ ጡረታ ወጥተው እዚያው ኬረላ፣ ኮቺ ከተማ አጠገብ ስለገቡ፣ አልፎ አልፎ "ወደ አገሬ" እሄዳለሁ። የመኖሪያ ፈቃድ ይዤ ከምኖርበት አገር፣ እንግዳ ወደምሆንበት አገሬ ማለት ነው።

ለሕክምና ወይም ለትምህርት ህንድ የሚሄዱ ሰዎች ሁሌ ይጠይቁኛል። ከአሜሪካና ከዱባይ አዲስ አበባ የሚገቡ ዳያስፖራዎች ደግሞ "አገራችን ገብተን ሲም ካርድ ለማውጣት ይሄን ያህል ስንለፋ!" እያሉ ሲያማርሩ እሰማለሁ። እስቲ የኔንም ስሙ።

ከአየር ማረፊያ ልጀምር። ከአዲስ አበባ ሙምባይ 5 ሰዓት ገደማ ነው። ስትደርሱ ከኢሚግሬሽኑ በፊት የጤና ጠረጴዛ አለ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠይቃሉ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሁሉ ይመለከተዋል፣ ህንዳዊም ቢሆን። ክትባቱ ከተወሰደ ደግሞ 10 ቀን ማለፍ አለበት። ካርዱ የሌለውን እስከ 6 ቀን ለይቶ ማቆየት ሕጋቸው ይፈቅዳል፣ ቀልድ የለም። ከፊቴ የነበረ አንድ ልጅ ካርዱን የጫነው ሻንጣ ውስጥ ከቶት ኖሮ ግንባሩ በላብ ተጠመቀ። ካርዱን በእጃችሁ ያዙ፣ ሌላ ምክር የለኝም። ሻንጣችሁንም ሙምባይ ላይ ወስዳችሁ፣ ጉምሩክ አሳልፋችሁ፣ ለአገር ውስጥ በረራ እንደገና ታስረክባላችሁ። ከመሬት ሠራተኞቹ ጋር ግን ችግር አልነበረብኝም፣ ፈጣን ናቸው። ስለ ትህትናቸው ከጠየቃችሁኝ ግን፣ እንጃ።

የኮቺ አየር ማረፊያ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተከፈተ ነው። ሲሠራ ወደ 10,000 የሚጠጉ ውጭ አገር የሚኖሩ ህንዶች ገንዘብ አዋጥተውበታል፣ አብዛኞቹ ገልፍ፣ ማለትም ዓረብ አገር፣ ያሉ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ለአባይ ግድብ ቦንድ እንደገዙት በሉት፤ ልዩነቱ እነዚህ ባለአክሲዮን ሆነው ትርፍ መከፋፈላቸው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ መብራቱን በሙሉ ከፀሐይ ያገኛል። በፓኔሎቹ መሃል ለመሃል አትክልት ይተክሉና ይሸጣሉ። ወረፋው አጭር ነው፣ ሽንት ቤቱ ንጹህ ነው፣ በቃ። ስለ አየር ማረፊያ ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ችግሩ ከበሩ ስወጣ ጀመረ። ሻይ ላዝዝ አልኩ። 10 ሩፒ። ባለ ሻይዋ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የኪውአር ካርድ አስቀምጣለች፤ ካጠገቡ ክፍያ በገባ ቁጥር "10 ሩፒ ደርሷል" እያለ በኬረላ ቋንቋ፣ በማላያላም፣ የሚናገር ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለ። ዓሣ ሻጩም፣ ኮኮናት የሚቆርጠውም፣ የቤተ መቅደስ ደጅ አበባ የምትሸጠውም ይህችው አለቻቸው። ዩፒአይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረ ነው፣ የትኛውም ባንክ ያለ ገንዘብ ወደ የትኛውም ባንክ ወዲያው የሚሄድበት። እኛ ቴሌብር ከባንክ፣ ባንክ ከባንክ እያልን ቀስ በቀስ የምናገናኘውን እነሱ ከመነሻው አንድ አድርገው ነው የሠሩት። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቃኛል፣ ማሽኗ ትናገራለች፣ ያልፋል። እኔ ብቻ የ500 ሩፒ ኖት ይዤ ቆሜያለሁ። ባለ ሻይዋ ኖቱን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ኖቱን አየች። ዝርዝር የላትም፣ ማን ዝርዝር ይይዛል አሁን።

ለምን አልተጠቀምሽም ትሉኝ ይሆናል። ዩፒአይ የሚያውቀው ስልክ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ውጭ ላሉ ህንዶች በውጭ ቁጥራቸው እንዲጠቀሙ ሲፈቀድ 10 አገሮች ተዘረዘሩ። አሜሪካ፣ እንግሊዝ፣ ኤምሬትስ፣ ሳዑዲ፣ ኳታር እያለ ይሄዳል። +251 የለበትም። ዱባይ ያለው የአጎቴ ልጅ ገና ከአውሮፕላን ሳይወርድ ታክሲ ይከፍላል። እኔ አዲስ አበባ ስለምኖር የጥሬ ገንዘብ ሰው ነኝ። የድሮው የህንድ ቁጥሬ ደግሞ ብዙ ወር ሳይሠራ ስለቆየ ተዘግቷል፣ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የባንኩ መልእክት ሁሉ ለማላውቀው ሰው እየሄደ ነው ማለት ነው።

ባንኩ ጋ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ሌላው ባንክም ከዚህ የተሻለ አይመስለኝም። ኤሲው ያንቀጠቅጣል። ቁጥር ወስጄ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ልጁ ፓስፖርቴን ገለባበጠና "አድራሻሽ ኢትዮጵያ ነው?" አለኝ። አዎ። "ኢትዮጵያ ምን ትሠሪያለሽ?" ሒሳብ። "እዚያ ኢንተርኔት አለ?" ኧረ ተወኝ አልኩ በልቤ፤ እኛ ጋ ባንክ ሄጄ "ሲስተም የለም" ሲባል እንኳ እንዲህ አልበገንም። ከዚያ የነገረኝ ይሄ ነው። ስልክ ለመቀየር አድሃር ያስፈልጋል፣ መታወቂያው ነው፣ 12 አሃዝ ያለው። አድሃሩን ለማረጋገጥ ደግሞ አድሃሩ ላይ ወደተመዘገበው ስልክ ኮድ ይላካል። የተመዘገበው ስልክ? የተዘጋው። "ሌላ መንገድ የለም?" ስለው ቅጽ ሰጠኝ፤ ቅጹ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ስልክ ቁጥር ነው። አብሮት ያለውን ሥራ አስኪያጅ ልጠይቅ ስል ለምሳ ወጥቶ ነበር። ይሄስ የትም አንድ ነው።

ያወጣኝ አክሻያ ነው። ኬረላ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረችው የመንግሥት አገልግሎት ማዕከል ነው፣ በየሰፈሩ አለ። የኛ ሰፈሩ ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ አንድ ክፍል ነች፤ ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የጣት አሻራ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ የአገልግሎቱ ዋጋ ዝርዝር። አንዲት ሴት ትሠራለች። ከፊቷ ጡረታ ለማሳደስ የመጡ አዛውንት፣ የመሬት ግብር የሚከፍል ገበሬ፣ ለልጇ ስኮላርሺፕ የምትሞላ እናት አሉ። ለሁሉም በስሙ ትናገራለች። የኔን ታሪክ እስከ መጨረሻው እንኳ አልሰማችም። "ቼቺ፣ ቅደም ተከተሉን ነው ያጣሽው" አለችኝ፤ ቼቺ ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው። መጀመሪያ ሲም ካርድ፣ ሱቁ በአሻራ ይሰጥሻል፣ ኮድ አያስፈልገውም። ቀጥሎ በአሻራ አድሃርሽ ላይ አዲሱን ቁጥር ታስገቢያለሽ። ባንክ መጨረሻ። በብጣሽ ወረቀት 1፣ 2፣ 3 ብላ ጻፈችልኝ። ባንኩ ውስጥ ያንን ሦስት መስመር የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ከሁሉ አገልግሎት አንደኛ የምሰጠው ለዚች ሴትዮ ነው፣ የከፈልኳት ደግሞ ከሻይ ብዙም የማይበልጥ ነው።

አሁን ለምን ይሄን ያህል እንዳወራሁበት ልንገራችሁ። የኛ ፋይዳ መታወቂያ የተሠራበት ሶፍትዌር፣ ሞሲፕ የሚባለው፣ ባንጋሎር በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም የበለጸገ ነው፤ ማንም አገር በነፃ የሚወስደው። የአድሃርን ልምድ ያዩ ሰዎች የሠሩት ነው። የነዋሪነት ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ ስለሚመዘገብ እኔም ፋይዳ አለኝ፤ እሱም 12 አሃዝ ነው። ባንኮችም አካውንት ለመክፈት ፋይዳ እየጠየቁ ነው። ነገሩ ጥሩ ነው፣ እኔ አልቃወምም፣ በአንድ ሰው ስም አሥር መታወቂያ የነበረበትን ጊዜ እናውቀዋለን። ግን ሁሉም ነገር አንድ ስልክ ቁጥር ላይ ሲንጠለጠል፣ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው ምን ይሁን የሚለውን ከወዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። ከዋሽንግተን የሚመጣው፣ ከቤይሩት ተመልሳ የምትገባው ልጅ፣ ገጠር ያሉት እናት። ለነሱ አፕ ሳይሆን ያቺ የአክሻያ ሴትዮ ናት የምታስፈልጋቸው።

መጓጓዣ። የውሃ ሜትሮውን ሳትሞክሩ እንዳትመጡ። እ.ኤ.አ. በ2023 የጀመረ፣ በባትሪ የሚሄድ ጀልባ ነው፣ እዚያው የኮቺ መርከብ ፋብሪካ የተሠራ። ደሴቶቹን ከከተማው ያገናኛል። ሲጀምር 20 ሩፒ፣ ሩቅ ከሆነ 40 ገደማ ነበር። በሩ ሰው ይቆጥራል፤ 100 ሲሞላ ይዘጋል፣ ለምናችሁም አያልፍም። "ጠጋ ጠጋ በሉ" የሚል ረዳት የለም! የአዲስ አበባ ታክሲ ለለመደ ሰው መጀመሪያ ግራ ያጋባል። ባጃጆቹ ግን እንደኛው ናቸው። ቆጣሪ አላቸው፣ አይከፍቱትም። "ስመለስ ባዶዬን ነው" ይላል ሾፌሩ፣ እዚህም እዚያም ያው ዜማ። በአፕ ጥሯቸው።

ሆስፒታል። አባቴ የዓይን ሞራ ተገፈፈለት፣ የግል ሆስፒታል። ዋጋው አስቀድሞ በወረቀት ተሰጠን፤ የሌንሱ ዓይነት፣ የዶክተሩ፣ የአልጋው ተለይቶ። ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ወጣ። ያስጠበቀን ቀዶ ጥገናው ሳይሆን ሂሳቡ ነው፤ ዓይኑ ታሽጎ ፋርማሲው "ፋይሉ አልወረደም" እያለ ሰዓታት ተቀመጥን። ለኢትዮጵያውያን የምለው፦ በብዙ የግል ሆስፒታሎች የውጭ ታካሚ ዋጋ ሌላ ነው። ቼናይ፣ ዴልሂ ወይም ባንጋሎር ከሄዳችሁ አማርኛ አስተርጓሚ የሚያቀርቡ አሉ፣ ጠይቁ። የሕክምና ቪዛ ሁለት አስታማሚ ይፈቅዳል። ከደላላ ጋር ከመሄዳችሁ በፊት ግምቱን ከሆስፒታሉ ራሱ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ከእናንተ ሂሳብ ነው።

ምግብ ቤት ገብቼ በማላያላም ሳዝዝ አስተናጋጁ በሂንዲ መለሰልኝ። ከአሳም የመጣ ልጅ ነው፣ በባቡር ሦስት ቀን ገደማ። ሌላው ከቤንጋል። ኬረላ ልጆቿን ገልፍ ልካ ጨረሰችና ግንበኛውን፣ አስተናጋጁን፣ ዓሣ ጫኙን ከሰሜን ታስመጣለች። አጎቴ ስለነዚህ ልጆች "ሥራ ይወዳሉ፣ ግን በዝተዋል" አለኝ። ራሱ ኩዌት 20 ዓመት ኖሮ የመጣ ሰው! ኩዌቶቹም ስለሱ ይሄንኑ ሲሉ ነበር ይሆናል፤ አልነገርኩትም፣ እራት እየበላን ነበር።

አጎቴ ሌላም ጥያቄ አለው፣ በመጣሁ ቁጥር። "አሁንም እዚያው ነሽ? ለምን ዱባይ አትሄጂም?" ይላል። ድሮ የምመልሰው ነበረኝ። 1 ብር ከ1 ሩፒ በላይ ያወጣ ነበር፣ ደሞዜም ያስከብራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ተገልብጧል፤ አሁን 1 ሩፒ ለማግኘት ከ1 ብር በላይ መክፈል አለብኝ። ደሞዛቸው በብር ከሆነ ህንዶች ጥለው የሄዱ አሉ። እኔ አልሄድኩም። ለአጎቴ ምክንያቱን በሩፒ ማስረዳት አልችልም፤ እሁድ ከጎረቤት ጋር የምጠጣው ቡና ምን ያህል ያወጣል ብዬ ልንገረው?

ወደ ባንኩ ልመለስና ላብቃ። በወረቀቱ ቅደም ተከተል ሄድኩ፣ ሠራ። ዩፒአይ ተከፈተልኝ፣ በመጨረሻው ሳምንት ሻይም ዓሣም በስልክ ገዛሁ፣ ማሽኗ ስሜን ባትጠራም ብሬን ጠርታልኛለች። ግን ሲሙ እንዳይዘጋ ሞልቶ የሚያቆይልኝ ሰው ስለሚያስፈልግ እናቴ ስልክ ውስጥ ትቼው መጣሁ። አሁን ከአዲስ አበባ ገንዘብ ሳንቀሳቅስ ኮዱ ለሷ ይደርሳል። ደውዬ "እማ፣ ቁጥሩን አንብቢልኝ" እላታለሁ። መነጽሯን ትፈልጋለች፣ ጊዜው ያልፋል፣ እንደገና እልካለሁ። ሁለተኛው ሲደርስ ጮክ ብላ ከላይ ጀምራ ታነባለች፦ "ይህን ቁጥር ለማንም እንዳትሰጡ ይላል። ልስጥሽ ወይስ ተከልክሏል?"