ድሬዳዋ ላይ የቱርቦ አየር ሊክ በኮምፕሬሰር የሚፈትሽ ጋራዥ፦ ሞክሬው ረክቻለሁ

ድሬ ውስጥ ቱርቦ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ሃይሉክስ፣ ዲፎርዲ ሃይሩፍ፣ አይሱዙ ምናምን የምትነዱ፣ "ቱርቦው ሞቷል ቀይረው" ሲሏችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ሳቢያን በኩል ያለችው ትንሿ ጋራዥ ጎራ በሉና አየር ሊክ (ቱርቦው የጨመቀው አየር የሚያመልጥበት ቀዳዳ) አስፈትሹ። በግምት አይሰሩም፣ አየር ሞልተው ቀዳዳውን በአይንህ ያሳዩሃል፣ ከዛ በኋላ ነው ስለ ሂሳብ የሚወራው።

የኔ ሃይሉክስ 3 ሺህ ሲሲ ናፍጣ ነው፣ ኮፈኑ ላይ አፍንጫ ያለው። ከዚራ ገንደቆሬ ስትሉ ምንም አይልም፣ ወደ ሐረር ስወጣ ግን የደንገጎን ዳገት ሲይዝ ይታፈናል፣ ነዳጅ ስሰጠው ከኋላ ጥቁር ጭስ ይለቃል፣ ከኮፈኑ ስር ደሞ እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ደንገጎን መቼም ታውቁታላችሁ፣ ድሬ 1,200 ሜትር ግድም ላይ ናት ሐረር ደሞ ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች፣ ዳገቱ ላይ ጭነት ይዘህ ስትወጣ የሞተርህን ጤንነት የምታውቀው እዛ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፣ ግን ቱርቦው የጨመቀው አየር ሞተር ሳይደርስ መንገድ ላይ ካመለጠ ናፍጣው ለመንደጃ የሚሆን አየር አያገኝም፣ በደንብ ያልነደደው ነው ጥቁር ጭስ ሆኖ የሚወጣው። ቱርቦው ደሞ የጎደለውን ለመሙላት ከልኩ በላይ ይሽከረከራል፣ ስለዚህ ሊኩን ችላ ብላችሁ ከነዳችሁት ደህና የነበረው ቱርቦም አብሮ ይጎዳል።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ (ስሙን አልጠራም) ስካነር ሰክተው ፒ0299 የሚል ኮድ አወጡና በቃ ቱርቦ ይቀየር አሉኝ። ኮዱ እኮ የሚለው የአየር ግፊቱ ከሚፈለገው በታች ነው ብቻ ነው፣ ለምን እንደሆነ አይናገርም፣ ማኒኮቶ (አየሩ የሚያልፍበት ጎማ) ቢቀደድም ፋሼታ (ጎማውን የሚያስረው ቀለበት) ቢላላም ያው ኮድ ሊመጣ ይችላል። አንድ ማኒኮቶ በእጃቸው ሳይነኩ ሰውን የቱርቦ ብር ውስጥ መክተት ከምር ያናድዳል።

እዚህኛው ጋራዥ ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ፣ ከዛ ከአየር ፊልትሮ የሚመጣውን ጎማ ፈተው ቱርቦው አፍ ላይ ቶርኖ ቤት ያሰሩትን ክዳን በፋሼታ አሰሩበት፣ ክዳኑ መሀል የከላማዳሪ ቫልቭ አለው፣ ኮምፕሬሰሩ እሱ ላይ ይሰካል። ግፊቱን የሚቆጣጠር ሬጉላተር ከነጌጁ አላቸው፣ ይሄ ዋናው ነገር ነው፣ ምክንያቱም ዝም ብለህ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ከከፈትክበት ማኒኮቶ ተፈናጥሮ ሰው ሊመታ ይችላል፣ የሞተር ዘይት መያዣ ጎሚኒም ሊያስወጣ ይችላል። ከ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) አላለፉም።

5 ላይ ዝም አለ። 10 ሲደርስ ፊሽሽ የሚል ድምፅ ጀመረ ግን ከየት እንደሆነ በጆሮ አይለይም። የሚሰራው ልጅ ላርጎ ሳሙና በውሃ በጥብጦ መገጣጠሚያዎቹ ላይ በሙሉ ረጨ፣ ከላይ ምንም የለም። ከዛ ትንሽ መስታወት ከቱርቦ ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው) በሚሄደው ማኒኮቶ ስር አስገብቶ "አቦ ና እየው" አለኝ። ስጠጋ ፋሼታው ጠርዝ ላይ አረፋው እሳት ላይ እንደተረሳ ወተት ይገነፍላል። ማኒኮቶውን ሲፈታው ከስር በኩል በዘይት ላልቷል፣ ያ ጥርስ ጥርስ ያለው ርካሽ ፋሼታ ደሞ ከመጠን በላይ ጠብቆ ጎማውን በልቶታል። መኪናው ቆሞ ሲታይ ቀዳዳው ይገጥማል፣ አየር ሲወጥረው ነው የሚከፈተው፣ ለዛ ነው በአይን ያየው ሁሉ ደህና ነው የሚለው።

በዚህ አላቆሙም፣ ይሄን ነው የወደድኩላቸው። ልጁ ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ጫፍ ላይ ጆሮውን አድርጎ አዳመጠ፣ እዛ ጋ አየር ከሰማህ ወይ ኢጂአሩ (ከጭሱ ከፊሉን ወደ ሞተር የሚመልሰው) አልዘጋም ወይ የሞተሩ ቫልቭ ክፍት ነው፣ ቫልቩ በቆመበት ቦታ የተነሳ ክፍት ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን በእጅ ትንሽ አዙሮ ደግሞ አዳመጠ። የዘይት መሙያውንም ከፍቶ አዳመጠ፣ ትንሽ አየር በፋሻ (በፒስተኑ ቀለበት) በኩል ወደ ታች መውረዱ ያለ ነው አለኝ። አዲስ ማኒኮቶ በቡሎን የሚጠብቅ ሰፊ ፋሼታ ካሰሩበት በኋላ እንደገና አየር ሞልተው ጌጁ ቀስ እያለ ሲወርድ አሳዩኝ፣ ቅድም ግን ኮምፕሬሰሩን ስትዘጋው ወዲያው ነበር ዜሮ የሚገባው።

አሁን ደንገጎን ሲወጣ አይታፈንም፣ ጭሱም ጠፍቷል። ለቴስቱ 1,500 ብር ነው የከፈልኩት፣ ማኒኮቶና ፋሼታ ለብቻ፣ ከቱርቦ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሊክ ለመፈለግ በአየር ፋንታ ጭስ የሚያስገባ ማሽን ይሻላል የሚሉ አሉ፣ ለሌላ ሊክ አሪፍ ነው ግን አብዛኛው የጭስ ማሽን ግፊቱ በጣም ትንሽ ነው፣ 1 ፒኤስአይ አካባቢ፣ እንደኔው ሲወጠር ብቻ የሚከፈተውን ሊያልፈው ይችላል።

ቅር ያለኝን ደሞ ልናገር። መጠበቂያ ጥላ የላቸውም፣ በድሬ ፀሀይ ደጅ መቆም ከባድ ነው። ደረሰኝ ካልጠየቃችሁ አይሰጡም። ማኒኮቶም አያስቀምጡም፣ ራሴ ነኝ ዞሬ የገዛሁት። ትልቁ ግን ክዳኑን ቱርቦው አፍ ላይ ስለሚያስሩ ከፊልትሮ እስከ ቱርቦ ያለው ጎማ አይፈተሽም፣ እዛ ጋ ቀዳዳ ካለ ደሞ ኃይል ላያስቀንስ ይችላል ግን የድሬን አቧራ ያለ ፊልትሮ ስቦ የቱርቦውን ምላጭ ይበላዋል። ክዳኑን ፊልትሮው መውጫ ጋ እሰሩልኝ በሏቸው፣ ከጠየቃችኋቸው ያደርጉታል፣ እኔም በኋላ አስደርጌዋለሁ ንፁህ ነው።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ከቀትር በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ማንንም አታገኙም።